ለሬሳ አይቸኮልም

በቅሎ ወደ ዴዴሳ ቆላ አይወርድም። የገንዲ ዝንብ አለ፤ በቅሎም ሆነ በሬ አንዴ ከነደፈው እየመነመነ ይሞታል። ስለዚህ እንግዶች ይዘን ወደዚያ በረሃ ስንወርድ ድንኳኑም ድስቱም ፍራሹም ሽንኩርቱም በሰው ጀርባ ነበር የሚሄደው። ይህን ያስቀደምኩት፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ «በቅሎ አልነበራችሁም?» ስለሚለኝ ነው። አልነበረንም።

ቤቴ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ያኔ ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር የምጽፈውም በእሱ ነው። በወጣትነቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኛ እያበሰልኩ ልጆቼን አሳደግኩ። የልጅ ልጆች ሲመጡም ጉልበቴ ገና አልከዳኝም ነበር። የሰፈራችን ልጅ አስጎብኚ ሆኖ፣ በእግር መሄድ የሚወዱ የአዲስ አበባ ሰዎችን እያመጣ ቆላ ለቆላ ያዞራቸው ጀመር። ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ያሳድራቸዋል፤ ጉማሬና ጉሬዛ ያሳያቸዋል። «አኮ፣ እርስዎ ካልመጡ ማን ያበስልልኛል?» አለኝ። አኮ በእኛ አገር ኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ ትልቁም ትንሹም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ለእንግዶች ፓስታ፣ ለተሸካሚዎች ቂጣ ያድርጉ አለኝ። «ሁለት ድስት አልጥድም» አልኩት። «ጀርባው የተላጠው ሰው ቂጣ ሊበላ፣ ካሜራ ያንጠለጠለው ፓስታ ሊበላ? እንግዲያው ቂጣውን ለእንግዶች ስጣቸው።» ከዚያ ወዲህ ድስታችን አንድ ሆነ። አሁን ያ ጉዞ ቀርቷል፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይኬድበትም።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኝ ነበር። መንደሩ ከኑኑ ቁምባ ከተማ አልፎ፣ የመኪናው መንገድ አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው፤ ጉዟችንን የምንጀምረው ሁልጊዜ ከዚያ ነበር። የመበለት ልጅ ነው፤ ጎልማሳ ሆኖም ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። በሁሉም ነገር ይቀልዳል። እኔ ሸክሞቹን እያነሳሁ ሳመዛዝን፣ «አኮ ሚዛን ናቸው፤ ሲሞቱ ገበያ ላይ እንሰቅላቸዋለን» ይል ነበር።

በዚያ ጉዞ እንግዶቹ አራት ነበሩ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ወንዙ ዳር በሰፈርንበት ማታ ያ ልጅ እራት አልበላም። «ሆዴን ነፋኝ» አለና ተኛ። ጠዋት መነሳት አቃተው። ሆዱን ስነካው እንደ መክተፊያ ደርቋል፤ በቀኝ በኩል ስነካው ጮኸ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ የምትሠራ ቀጭን ሴት፣ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ወንድሜን እንዲህ አድርጎት ነበር። ትርፍ አንጀት ነው። ከፈነዳ ይገድለዋል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።»

ጉማሬ እያየን፣ እየተቀመጥን በሁለት ቀን የወረድነውን መንገድ የቸኮለ ሰው በአንድ ቀን ይወጣዋል። ሰው ተሸክሞ ግን ሌላ ነው። ሁለት እንጨት ቆርጠን፣ የድንኳን ሸራ ወጥረን ቃሬዛ ሠራን። ዕቃውን እዚያው ጣልነው። አስጎብኚው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «አኮ፣ እንግዶቹ እኮ ከፍለው የመጡ ናቸው፤ እንዴት ቃሬዛ እናሸክማቸዋለን?» አለኝ።

«ትከሻ የላቸውም?»

«አላቸው፣ ግን…»

«ካላቸው ይሸከማሉ።»

በእኛ አገር ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ገበያ ይሂድ ሠርግ ይሂድ፣ የታመመው ዘመዱ ይሁን ጠላቱ፣ እስከሚቀጥለው መንገደኛ ድረስ ይሸከማል። እንግዶቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ስነግራቸው ግን አንዳቸውም አላንገራገሩም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ጫማዋን አጥብቃ ከፊት ገባች።

በሽተኛው ጥርሱን ነክሶ፣ «ቀስ በሉ እንጂ፤ ዛሬ ቱሪስት እኔ ነኝ» አለ።

በዚያ ቆላ ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ የሚያገኘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አስጎብኚው ቀድሞን ሮጦ ወጣና ደወለ፤ ተመልሶም ከእኛ ጋር ቃሬዛውን ያዘ። «ለመንደሩ ሽማግሌ ነግሬያቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወንዶች ዳገቱ ሥር ይደርሱልናል። መኪናም አፋፉ ላይ ትቆማለች» አለን። ይህንን ሰምተን በረታን። እስከ ዳገቱ ሥር ብቻ ነው ያለብን፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ትኩስ ትከሻዎች ናቸው ብለን ያለንን ጉልበት ሁሉ ሜዳው ላይ ጨረስነው። የአንደኛው እንግዳ መዳፍ ተልጦ እንጨቱ በደም ሙልጭልጭ ይል ነበር።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሾላ ዛፍ ሥር አሳረፍነው። ማንም የለም። «እየመጡ ነው» አለ አስጎብኚው። ጠበቅን። በሽተኛው አንገቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ ነው የተኛው። ላብ ያጠምቀዋል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑን ግን ከመንገዱ አያነሳም።

«ወንዶቹ ጫማቸውን እየወለወሉ ነው እንዴ?» አለ።

እንደገና ጠበቅን። ራሳችን ልናወጣው ሞከርን፤ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ከእንግዶቹ ጉልበቱን የሚያመው አንዱ ወደቀ፤ ቃሬዛው ከመገልበጥ ለጥቂት ተረፈ። ተመለስን። ከተሸካሚዎቹ አንዱን ወደ ላይ ላክነው። ሲመሽ ዝናብ ጣለ፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ጅረት ሞላና የላክነውም ሰው ሳይሻገር ተመለሰ። እነሱንም ያገዳቸው ጅረቱ መሰለን። ግን ጅረቱ የሞላው ሲመሽ ነው። ከሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ሕፃን የሚሻገረው ውኃ ነበር። ይህን እዚያው አሰብኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

«ይመጣሉ» ይለን ነበር በሽተኛው፣ እኛን የሚያጽናና ይመስል። «የእኔ ሰዎች ናቸው።»

ሊነጋጋ ሲል ሕመሙ ለቀቀው። እኔ ደስ አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ፈነዳ ማለት ነው አለችኝ በኋላ።

ውኃው ሲጎድል ተሸክመን ወጣን። ዳገቱን ስናጋምስ ወንዶቹን ከላይ ሲወርዱ አየናቸው። ብዙ ናቸው። አይሮጡም። ጋቢያቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው በቀስታ ይወርዳሉ። የፊተኛው አዲስ አቡጀዲ በብብቱ ይዟል።

በሽተኛው ራሱን ከሸራው ላይ ቀና አደረገ።

«ማን ሞቶ ነው?» አላቸው።

ፊተኛው ሰው ባለበት ቆመ። ከኋላው ያለው ገጨው። አንዱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። በሽተኛው አቡጀዲውን አየ፣ እነሱን አየ፤ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነበር።

«ለእኔ ነው?» አለ። «አጭር ነው። እግሬ ውጭ ሊቀር ነው።»

ከእጃችን ነጥቀው ሮጡ። ያን ዳገት ሰው ተሸክሞ እንደዚያ ሲሮጥ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። እኔ አንዱን ክንዱን ይዤ፣ እየተጎተትኩ፣ «ትናንት የት ነበራችሁ?» አልኩት።

«አኮ፣ ሞተ ተብሎ ነው።»

«ማን ሞተ አለ?»

«ማንም አላለም። ሽማግሌው ተደወለላቸው። ‹ትንሽ አሞታል፣ ወንዶች ይዛችሁ ውረዱ፣ ለእናቱ አሁን እንዳትነግሩ› ተባሉ።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አማርኛ የሚያነብ ሰው ያውቃል። ለቤተሰብ አይደወልም፤ ለሽማግሌ ይደወላል። ሞተ አይባልም፤ አሞታል ይባላል። ለእናት ማታ አይነገርም፤ ሲነጋጋ ሰብሰብ ብሎ ተሄዶ ነው የሚነገራት። አስጎብኚው እናትየዋ እንዳትደነግጥ ብሎ የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ የመርዶ ሥርዓት ነበር። ሽማግሌው «ገብቶኛል ልጄ፣ በርታ» ብለው ስልኩን ዘጉ። በሕይወት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«ታዲያ ለሬሳስ ቢሆን አትወርዱም ነበር?»

«ወንዶች ተሰብስበን ስንወጣ ካየች ትጠረጥራለች፤ እስኪነገራት ማንም ከቤቱ እንዳይንቀሳቀስ አሉን። ‹ለሬሳ አይቸኮልም› አሉ።»

መንደሩ ስንደርስ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። መቃብሩም ተጀምሯል። እናትየዋ ፊቷን ቧጥጣው ደሟ አንገቷ ላይ ደርቋል። ልጇን ቃሬዛው ላይ ስታየው አልጮኸችም። ቀረብ አለችና እጇን ከአፍንጫው ሥር አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ «ይተነፍሳል» አለች፣ እንደ ክስ።

«ሀዳ ኮ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ድንኳኑን አታስነቅዪው፤ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ።»

መኪናዋ እዚያው ነበረች፤ ከትናንት ጀምሮ ቆማለች። እናትየዋ፣ እኔ፣ አስጎብኚውና ሽማግሌው ይዘነው ነቀምቴ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዱን ከፍቶ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ መጣ፣ የታማሚው እናት መስዬው። «ሁሉ ቦታ ተሰራጭቶ ነው ያገኘነው። ትናንት ማታ ቢደርስ ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም። ልጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ከአልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኑን ከደንኩለት።

እናትየዋ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«አሁን እንዳትሰማ። ለአዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለታል ብለን ወደ ቤት እንመልሳት። ሲነጋ ይነገራታል።»

«ኦቦ» አልኳቸው፤ ለወንድ ኦቦ፣ ለሴት አዴ ነው የምንለው፤ «ጠዋት በሕይወት ያለውን ሞተ አላችኋት። አሁን የሞተውን በሕይወት አለ ልትሏት ነው?»

«ሥርዓት ነው እንጂ አዴ! በሴት አንደበት ይነገራታል እንዴ?»

«እውነቱ አንደበት ያግኝ እንጂ የማንም ይሁን።»

ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «እህቴ፣ ልጅሽ ሞቷል» አልኳት። ዐረፈ አላልኩም፤ ደከመ አላልኩም።

ወደ እኔ ዞረች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አይቻለሁ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

«እንደ ጠዋቱ አይደለም?»

«እንደ ጠዋቱ አይደለም።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ ሽማግሌዎቹ አስጎብኚውን አስቀርበው ተቀመጡ። ጥፋቱን ለእሱ ሊሰጡት እንደሆነ አውቄ ከነቀምቴ ሄድኩ። አስጎብኚው መሬት መሬት ያያል።

«ይህ ልጅ በትክክል አልነገረንም» አሉ ሽማግሌው።

«አሞታል አለዎት» አልኩ። «አሞት ነበር። ከዚህ በላይ ትክክል ምን ይባላል?»

«አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ሽምግልና ላይ ሴት ምን ታደርጋለች?»

«እናንተ ቤታችሁ ስትቀመጡ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመች ሴት ናት። የአዲስ አበባ ሴት፣ ስሙን እንኳን በቅጡ የማታውቅ።»

ለአድልዎ ስላልመጣሁ ወደ አስጎብኚውም ዞርኩ። «አንተም ‹በሕይወት አለ› የሚል አንድ ቃል መጨመር አላቃተህም ነበር። በዚህ አገር አድገሃል፤ እንዴት እንደሚሰማ ታውቃለህ። ድርሻህን ውሰድ። የእነሱን ግን አትውሰድ።» ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

እናትየዋ ከውስጥ ትሰማን ኖሯል። በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ያን ማታ ይጠብቅ ነበር?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። «ሰው እንደሚመጣለት ያውቅ ነበር?»

ሽማግሌው አዩኝ። ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር፤ ተኝቶ ነበር በያት ማለታቸው ነው። ለእሷ አዝነው እንደሆነም ይገባኛል።

«ይጠብቅ ነበር» አልኳት። «እስኪጨልም አንገቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ ነበር። ‹ይመጣሉ፣ የእኔ ሰዎች ናቸው› ይለን ነበር።»

ወንዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እርስዎ ያን ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ» አሉ።

«ተኝተው?»

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሲነጋ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ ነበር» አሏት።