አንገት ላይ የወጣ ጥለት

ሀብትነሽ ይርሳው ሠርገኛ ሲያልፍ የበቅሎ አንገት የምታይ ልጅ ነበረች። እኩዮቿ ስለ ሙሽራዋ ሹሩባ፣ ስለ ሚዜዎቹ ቁመት፣ ስለ ድግሱ ማነስ ሲያወሩ እሷ በቅሎዋ ላይ ዓይኗን ተክላ ትቀራለች። በቀይና በቢጫ የተጠለፈው የአንገት ጌጥ ከማጅራት ተነሥቶ ደረት ላይ እንዴት እንደሚገጥም ታጠናለች። አንድ ቀን እናቷን «እማዬ፣ ይህን የመሰለ ጌጥ ለበቅሎ አንገት ከተሰጠ፣ ለሰው አንገት ማን ከለከለው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቷ እህተ ማርያም እንዝርቷን ሳታቆም «ደግሞ ኮርቻ ጫኑብኝ በይ» አለቻት።

ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ላህ ወንዝን ተሻግሮ። አዲስ አበባ ያለች አክስቷ ወስዳት የሴቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ስታስገባት አባቷ አልተቃወመም፤ ምን እንደምትማርም አልጠየቀም። የጠየቀው ከዓመት በኋላ፣ በ፲፱፻፶፫ ክረምት ለዕረፍት ስትመጣ ነው። ልብስ መንደፍና መስፋት ነው የምማረው አለችው።

«ጨርቅ ምን ትምህርት አለው?» አለ ይርሳው። «ቡሬ ገበያ በመኪና የሚሰፋ ሰውዬ አለ። ማን አስተማረው?»

«አባዬ፣ እሱ የሚሰፋው ሰው ሁሉ የሚሰፋውን ነው። እኛ ያልነበረውን ነው የምንፈጥረው።»

«ያልነበረውን!» አለና ሚስቱን ዞሮ አያት፤ ሳቀም። ነገሩ ግን ለሳቅ አልነበረም። ከደምበጫ አንድ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። ሀብትነሽ ግን ትምህርቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል ብላ አለቀሰች፣ ለመነች፣ ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አለች። በመጨረሻ አባቷ እንዲህ ሲል ቆረጠ፦ «እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ። በዓይኔ የማየው ነገር ይዘሽ ነይ። ትምህርት መሆኑን ካየሁ ትጨርሺያለሽ። ካላየሁ ለዳግማ ትንሣኤ ሠርግሽ ነው።»

እህተ ማርያም ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከረመች። የምትፈትለው ለልጇ ብቻ አልነበረም፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ልቧ ኮንጎ ስለሚሄድ ነው። የበኩር ልጇ ክንዱ ወታደር ነው፤ ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ለሳምንት ትሥቃለች፣ ሲዘገይ ምግብ አይወርድላትም።

ሀብትነሽ ፈትሉን ተሸክማ በእህል መኪና ቡሬ ወረደች፤ ሸማኔው አባ ላቀው ዘንድ። አባ ላቀው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው እየሸመኑ ነበር። የሣለችውን ብትዘረጋላቸው በክርናቸው ገፉት።

«ወረቀት አይሸመንም፣ ልጄ። በቃል ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። በሁለቱም ጫፍ ስንዝር የሚሞላ ጥለት ይሁን፤ ቢጫው የኑግ አበባ መልክ፣ ቀዩ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበትን ቀለም ይምሰል።

«ይህ ሁሉ ጥለት ታች ሲውል ይከብድሻል።»

«ታች አይውልም፣ አባ። ጨርቁን ገልብጬ አንገትና ትከሻ ላይ ነው የማወጣው።»

መወርወሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። «አንገት ላይ?» አሉ። ቀጥለውም «ቤተሰብ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው።»

«አባት? እናት? ወንድም እኅት?»

«ሁሉም ደኅና።»

«ሁሉም ደኅና» አሉ፤ እንደ ጥያቄም እንደ መልስም አድርገው። ሀብትነሽ የሽማግሌ ሰላምታ አያልቅም ብላ ታገሠች። አባ ላቀው ሊነግሯት የፈለጉትን በቀጥታ ቢነግሯት ምን ነበረበት? የኛ አገር ሰው ግን ክፉ ነገርን በዙሪያው ዞሮ ዞሮ ይተወዋል እንጂ ስሙን አይጠራውም። በሳምንቱ ብትመጣ ጥለቱን ጣት በማታክል ወርድ ሠርተው ጠበቋት። «ለአንቺው ብዬ ነው» አሏት። አስፈታቻቸው። እንደገና መጣች፤ ባንድ ጫፍ ብቻ ሠርተውታል። በንዴት እንባዋ መጣ፤ ዳግመኛ አስፈታቻቸው። በመስከረም መጨረሻ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ማድረግ ሲጀምር፣ አባ ላቀው ያለችውን በትክክል ሠርተው ቀና ሳይሉ አስረከቧት።

አዲስ አበባ ተመልሳ ያን ጨርቅ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስትታገለው ቆየች። አርመኗ አስተማሪዋ አራት ጊዜ አስተረተረቻት። ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ፣ ግራና ቀኙ ጥለት ደረት ላይ ሲገናኝ ክር በክር እንዲገጥም፣ ሌሎቹ ሲተኙ እሷ ጣቷን በመርፌ ስትወጋ ከረመች። ሲያልቅ አስተማሪዋ ቀሚሱን መስኮት አጠገብ ሰቅላ ዞረችው፤ «ይህን ማን አሳየሽ?» አለች።

«በቅሎ» አለች ሀብትነሽ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አስተማሪዋ ግን አልሣቀችም። አንደኛ ሰጠቻት።

ለሆሳዕና ዋዜማ ፍኖተ ሰላም ከአውቶቡስ ወረደች። ሁለት ቀን የተጓዘችበትን አሮጌ ልብስ ከዘመድ ቤት ገብታ አወለቀችና ቀሚሱን ለበሰች። የታጠፈ ልብስ ለአባቷ ምን ይነግረዋል? ልብስ ሲለበስ ነው የሚታየው። የመንገዱ አቧራ ጠጉሯን እንዳያበላሽባት ጥቁር ሻሽ አሰረች። ላህን ስትሻገር እንዲያ ደስ ያላት ቀን አልነበረም፤ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የማያውቅ ካለ ይወቅ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነጠላ ይዘቀዘቃል። ታች የሚውለው ጥለት ወደ ላይ ይወጣል፤ አንገትና ትከሻ ላይ ይሆናል። ከሩቅ ያየ ሁሉ ሐዘንተኛ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። ሀብትነሽ ይህን አጥታው አይደለም። አያቷ ሲሞቱ ራሷ አዘቅዝቃለች። ግን ያ ነጠላ ነው፣ ይህ ቀሚስ ነው፤ ቀሚስ እንዴት ይዘቀዘቃል? አዲስ አበባ ሆና ስትሰፋው ነገሩ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። ሞኝነት ነው ካላችሁ ሞኝነት ነው።

ጎረቤታቸው ወለተ ሐና ከምንጩ ውኃ ስትቀዳ ቀና አለች። ከቁልቁለቱ ማዶ ነጭ የለበሰች፣ ጥለቷ አንገቷ ላይ የወጣ፣ ራሷን በጥቁር ያሰረች ልጅ እየተጣደፈች ትመጣለች። የይርሳው ልጅ መሆኗን በአካሄዷ ለየቻት። ከከተማ፣ ፖስታ ካለበት፣ ከተጠበቀችበት ቀን ቀድማ። ወለተ ሐና ማድጋዋን ጥላ «ክንዱን! ክንዱን! ወንድም ጋሻዬን!» ብላ ጮኸች።

ሀብትነሽ ከግቢው ስትደርስ ሰፈሩ ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትነጫለች፤ ጉንጯ ደምቷል።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«እሷ ትጠይቀኛለች!» አለች እህተ ማርያም። «ልጄን የት ጣልሽው?»

«ክንዱ አልሞተም! ማንም አልሞተም!»

አንዲት አሮጊት ክንዷን ይዘው «ዝም በይ፣ የኔ ልጅ፤ ደግ አደረግሽ» አሏት። «ባይሆን ልብሱን ቤት ደርሰሽ በለበሽው።» የባሰው ይህ ነው። መርዶ በሥርዓት ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህል ተቀምሶ። እስከዚያ ይዞ የመጣው ሰው «ደኅና ነው» እያለ ይክዳል። ስለዚህ ሀብትነሽ አልሞተም ባለች ቁጥር የክንዱ ሞት እየጠና ሄደ። ማለች፤ አለቀሱ። በመስቀል ማለች፤ ይበልጥ አለቀሱ። ለልፋቷ፣ ለእናቷ ጉንጭ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ድንቁርና ጮኸች፤ ሐዘኑ በረታባት ብለው ያዟት።

አባቷ ከብቶቹን መስክ ላይ ትቶ ሮጦ ደረሰ። «ማንም ካልሞተ ለምን አዘቀዘቅሽ?» አለ።

«አላዘቀዘቅሁም! ሥራዬ ነው! አሳዪኝ ያሉኝ ይህ ነው!»

የሰማት የለም። እናቷ ሁለተኛ ጉንጯን ልትነጭ እጇን ስታነሣ፣ ሀብትነሽ ከቦርሳዋ የትምህርት ቤቱን መቀስ አወጣች። ከግራ ትከሻዋ ጀምራ ጥለቱን ቆረጠችው። ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ አርመኗ አራት ጊዜ ያስፈታቻትን መጋጠሚያ ቆርጣ እስከ ቀኝ ትከሻዋ ደረሰች። መሬት ጣለችውና በእግሯ ረገጠችው።

ያኔ ለቅሶው ተቋረጠ። የወንድሙን ሐዘን በእግሩ የሚረግጥ ሰው የለም።

«አልሞተም?» አለች እህተ ማርያም በቀጭን ድምፅ።

«መሞቱን አልሰማሁም፣ እማዬ። ልብስ ነው። ልብስ ብቻ ነው።»

በማግሥቱ ከሆሳዕና ቅዳሴ መልስ ይርሳው ያን የተቆረጠ ጥለት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ሲያገላብጠው ቆይቷል። «ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት» አለ።

«እንዳይታይ ተደርጎ ነው የተሰፋው፣ አባዬ።» ልቧ ተስፋ አደረገ፤ ያ መጥፎ ነገር፣ ተስፋ።

«ጨርቅ ምን ትምህርት አለው ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰው ሳይሞት ደብሩን በሙሉ ያስለቀሰ ነገር ትምህርት ነው።» ጥለቱን አጠፈው። «ስለዚህ ነው የማትመለሽው። ይህን የሚያህል ነገር በሴት ልጅ እጅ አይሰጥም።»

ጨርቅ ነው እያለ ሲንቃት ቢያንስ ተከራክራ ነበር። አሁን አምኗታልና የምትከራከርበት አልነበራትም። ለዳግማ ትንሣኤ ተዳረች። ለሠርጓ ያን ጥለት እናቷ ከቀሚስ ግርጌ ሰፍታላት ለበሰችው። ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል አለ። ክንዱ በሁለተኛው ዓመት ደኅና ገባ፤ ታሪኩን ነግረውት ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ግን አልሣቀችም።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ቤት ሲሠራ የስፌት መኪና ገዛላት፤ ሀብትነሽም የከተማውንም የገጠሩንም ሴት እየለካች ጥለቱን ታች፣ ግርጌ ላይ፣ ሁልጊዜ ግርጌ ላይ ስትሰፋ ኖረች።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ለጥምቀት ሰሞን የወለተ ሐና ልጅ ሸጋዬ ሱቋ መጣች። ከአዲስ አበባ የመጣች የአጎቷ ሚስት ለብሳው ያየችውን ቀሚስ እንድትሰፋላት ነው። በጣቷ ትከሻዋን ከግራ ወደ ቀኝ እየነካች፣ ጥለቱ ከአንገት ተነሥቶ ደረት ላይ እንዴት እንደሚገናኝ አሳየቻት። እናቷ ወለተ ሐናም አይታ በጣም እንደወደደችው ነገረቻት።

«አሁን የወጣ ነው፣ እትዬ» አለች ሸጋዬ በትሕትና። «እዚህ የሚያውቀው የለም። ካላወቅሽው ደግሞ አትቸገሪ፤ አዲስ አበባ አሰፋዋለሁ።»

ሀብትነሽ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። ልትናገረው የምትችለው ብዙ ነበር፤ ልጅቷ ግን ምን አጠፋች? ሜትሯን አንሥታ ከኋላዋ ቆመች።

«ቀና በይ» አለቻት። «አንገትሽን ልለካው።»