የጠማት ጉድጓድ

ዓለሚቱ ነገር ካልገባት ዕረፍት የላትም። ከጨንቻ ወርዳ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ በጽዳት ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልጠየቀችው ሰው የለም። በተቀጠረች ሰሞን ኤሌክትሪሺያኑ ካሳ ከኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የመዳብ ዘንግ በጨውና በከሰል ሲቀብርም ቆማ አየችው።

«ጨውና ከሰል ደግሞ ይቀበራል እንዴ?»

ካሳ ሳቀ። «ይህች ጉድጓድ መብራት ሲያብድ የሚገባባት ቤት ናት። ከደረቀች በሯን ትዘጋለች፤ በበጋ ውሃ እንዳታስጠሚያት።»

ከዚያ ወዲህ ወለል ያጠበችበትን ውሃ እዚያው ታፈሳለች።

ዘንድሮ የመጣው የክፍሉ ኃላፊ ጌዲዮን ይህን አይቶ ክው አለ። «ሽቦ ላይ ውሃ? ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ልታስረዳው አፏን ብትከፍት ጥሏት ሄደ፤ እሷም ማፍሰሱን ተወች። የተማረ ሰው አንዳንዴ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

በጥር ፀሐይ መሬቱ ተሰነጠቀ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ በተነሳ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ተማሪዎቹን ይነዝሩ ጀመር፤ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥንም ተቃጠለ። ጌዲዮን «ያ ውሃ ነው ጉድ የሠራን» ብሎ ለዓለሚቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈላት። አንድ ዕቃ ደግሞ ከተቃጠለ ትባረራለች።

ፈራች። ግን ከፍርሃቷ ጉጉቷ ባሰ። ዘጠኝ ዓመት ያልነዘረ ነገር፣ ውሃው ሲቀር የነዘረው ለምንድን ነው?

ሳጥኑን ልትቀይር ፀደይ የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች። መለኪያዋን ከዘንጉ ጋር አያይዛ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሏል፤ ይሄ መሬት ምንም መብራት አይቀበልም» አለች።

ዓለሚቱ ባልዲዋን አነሳች። «ልጄ፣ ትንሽ ላፍስስባት፤ አንቺ ቁጥሩን እይልኝ።»

«ዓለሚቱ!» ጌዲዮን ጮኸ።

ባልዲውን አዘንብላ አፈሰሰች። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ወረደ። ጨመረች፤ አሁንም ወረደ።

«ማን ነገረዎት?» አለች ፀደይ።

«ካሳ። እኔ ግን ዛሬ ነው በዓይኔ ያየሁት።»

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ዓለሚቱ በጣቷ ጀርባ የኮምፒውተሩን ብረት ነካችው። አልነዘራትም።

ጌዲዮን ማስጠንቀቂያውን ከፋይሏ አውጥቶ ቀደደው። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄዶ ባልዲውን ራሱ ሞልቶ መጣ።

«ልክ ነኝ፣ እትዬ ዓለሚቱ? እዚህ ጋ ነው?»

«እዚያ ነው። ቀስ አድርገው ያፍስሱ» አለችው፤ «ቶሎ ቶሎ አትወድም።»