የደርቡ ክዳን

አክስቴ ሸጊቱ ከገዛ ምድጃዋ አጠገብ በብርድ ስትንዘፈዘፍ ኖራ ነው የሞተችው። ማገዶ አጥታ አይደለም።

ባሏ ያርጋል ግንበኛ ነበር። ደባርቅ ላይ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤታቸውን ሲሠራ፣ ከምድጃው በላይ የደርቡን ሳንቃ ቀዶ ክዳን ገጠመለት። እንጨቱ እየጨሰ ክዳኑ አይከፈትም። ፍም ብቻ ሲቀር በረጅም ዱላ ይገፋና ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይኛው መኝታ ይወጣል፤ ታች የቀረ ሰው ጋቢውን ይደርባል። ስለዚህ ደርብ የሚሞቀው ሰው ሲተኛበት ብቻ ነው። የደጋ ልጅ ይህን ያውቃል።

ያርጋል ሲሞት አንድ ልጃቸው አሻግሬ ቀረላት። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወጣቱ ለውትድርና ሲታፈስ ደርብ ላይ ደበቀችው። ለጎረቤት «ሁመራ ለሥራ ሄዷል፤ እኔም ጉልበቴን አሞኝ ታች ነው የምተኛ» አለች። ሰው ገብቶ በወጣ ቁጥር ወደ ክዳኑ ቀና ብላ ልጇን «ሄዷል፤ ተኛ» ትለው ነበር።

አንድ ምሽት የቀበሌው ጠባቂ ይግዛው እሳት ልሙቅ ብሎ ገባ። ሰው ሲመጣ ክዳኑን መዝጋት ነበረባት፤ ልጇ እንዳይበርደው ብላ ክፍቱን ተወችው። ይግዛው የደጋው አገር የአምባራስ ልጅ ነው። ፍሙ ተከምሮ ቤቱ አለመሞቁ ገረመው። እጁን እያፋተገ ወደ ላይ አየ።

«እትዬ፣ ታች ነው የምተኛ አላሉም?»

«አዎ ልጄ።»

«ታዲያ ደርቡን ለማን ነው የሚያሞቁት?»

አሻግሬን በማግስቱ መኪና ላይ ጫኑት። ከዚያ ወዲያ ድምፁም መርዶውም አልመጣም። ያንን ይግዛውን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ አልዋሽም።

አክስቴ ግን ክዳኑን መክፈት አልተወችም። ሳንቃው ሲሞቅ ይንቋቋል። እንጨት ነው አልኳት። «እንጨትማ እንጨት ነው፤ ከመስኮቱ እስከ መሰላሉ ምን አስኬደው?» አለችኝ። አብሬያት ሳድር ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት፤ እውነትም ይሄዳል። ፈራሁ።

ደርግ ወድቆ የሌላው ልጅ ሲመለስ ይግዛውም መጣ። የንስሐ አባቱ ይቅርታ ጠይቅ ብለውት ነው። ከምድጃው ጥግ ተቀመጠ፣ እጁን አፋተገ፣ እንደ ልማዱ ወደ ላይ አየ። ክዳኑ ተከፍቷል። ሳንቃው ከመስኮቱ በኩል መንቋቋት ጀመረ።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ላይ ማን አለ?»

«ውጣና እየው» አለችው ሳትቆጣ። «መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ። ላይ የሚራመደው መጥቶ መሰላሉ ራስ ላይ ቆመ። ይግዛው እግሩን መለሰ፤ ይዞት የመጣውን ዱላ እንኳ ሳያነሳ ከቤት ወጣ።

አክስቴ በሩን ዘጋች፤ ጋቢዋን ደረበችና ወደ ክዳኑ ቀና አለች።

«አሻግሬ፣ ሄዷል፤ ተኛ» አለች።