ፈተናው እስኪያልቅ

ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ነው። እኔ የሰማሁት በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። በመካከል ያሉትን ቀናት ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም። ለእኔ ወንድሜ ገና በሕይወት የነበረባቸው ቀናት ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን ተቀብሯል።

እናትና አባት የለንም። እናታችን የሞተችው እኔ አፌን ሳልፈታ ነው፤ አባታችንም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየም። ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። እሱ ራሱ ያኔ ልጅ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰዉ ቤት መስመር እየዘረጋ እኔን ትምህርት ቤት ላከኝ። ከዚያ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ወደ ኦስሎ ወሰደችኝ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ወንድሜ ተንበርክኮ ጫማዬን አሰረልኝ። ትልቅ ልጅ ነበርኩ፣ ራሴ ማሰር እችል ነበር። ግን እግሬን አቀረብኩለት።

የምንኖረው ትቬይታ በሚባል የኦስሎ ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንዱ ላይ ነው። አክስቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የራሷ ልጅ የላትም። የእኔ ትምህርት ለእሷ ምን እንደነበር ለመናገር ይከብደኛል። ውጤቴን ሥራ ቦታ ወስዳ ለማያውቁኝ ሽማግሌዎች ታነብላቸው ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ፈተና ሲደርስ የክፍሌ ልጆች የዚህ አገር ተመራቂ ሲጨፍር የሚለብሰውን ቀይ ሱሪ ገና አላወለቁም፤ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን አክስቴ ከሥራ ገብታ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ስልክህን ወዲህ በል።"

"ለምን?"

"ኤክሳመን እስክትጨርስ። ዓይንህን አይተኸዋል? ጉጉት መስለሃል።"

"ወንድሜ ቢደውልስ?"

"በእኔ ይደውላል። እኔ ስልክ የለኝም እንዴ?"

ሰጠኋት። እንዲያውም አመሰገንኳት፤ ያለ ስልክ ጥናቱ ይገባኝ ጀመር። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር።

የመጨረሻውን ፈተና ዓርብ ጨርሼ ገባሁ። አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ተመስገን" አለችና መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ከደስታ የምታለቅስ መስሎኝ ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ተኛሁ።

በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰው ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። በሰኔ ኦስሎ ግን የሚጠብቁት ጨለማ የለም። በሩ ሲንኳኳ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። ስከፍት ካህኑ ከፊት፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል። በፎቃችን የሚኖር ኖርዌጂያዊ ውሻውን ይዞ ከአሳንሰሩ ሲወጣ አያቸውና ፈገግ ብሎ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለን፤ ነጩን ልብስ አይቶ ሰርግ መስሎታል።

"ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ ካህኑ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ተቀመጥ እስቲ መጀመሪያ።"

አክስቴ የሞተች መሰለኝ። ዞር ስል ግን ከመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች። ቀሚሱ ተተኩሷል። የተተኮሰውን ቀሚስ ሳይ ነው የገባኝ። ከአፋቸው ከመስማቴ በፊት፣ ከዚያ ከቀሚሱ።

ቤታችን ለሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ሆነ። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ፤ ጫማ በሩ ላይ ተከመረ። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለኛል። እኔም "አሜን" እላለሁ። ለምን እንደምል አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሻይ እየጠጡ ያወራሉ።

"የዚህ አገር ሰው ሬሳውን ሳምንት አሳልፎ ነው የሚቀብረው፣ ሰምታችኋል? ካላንደር አይተው፣ ቀጠሮ ይዘው።"

"ሬሳውም ቀጠሮ ያከብራላ!"

"ሳቁ እናንተ። ቢያንስ ዘመድ ሁሉ ይደርሳል።"

ከዚያ ሁሉም እኔን አስታወሱ። አንዱ ስኳር እንዲያቀብሉት ጠየቀ።

አክስቴ ስልኬን የመለሰችልኝ ያን ቀን ነው። የወንድሜ ሚስት ደወለች። ብዙ አለቀሰች፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኋት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "'ልጁን አገናኙኝ' እያለ ነበር እኮ። በየቀኑ። አክስትህ ፈተናውን ይጨርስ አለችን። እሱም በኋላ 'እሺ፣ አትረብሹት' አለ። ትንሽ የሚሻለው መስሎን…"

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

አክስቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ሰው አለ ብዬ አላፈርኩም።

"ጠይቆኝ ነበር?"

"ቀስ በል።"

"ጠይቆኝ ነበር ወይ?"

"ይድናል ብለን ነው። ደግሞ አንተ ብትሰማ እስክሪብቶ ትይዝ ነበር? ስንት ዓመት የለፋህበት…"

"ብወድቅ ፈተናው በዓመቱ ይደገማል። እሱ ይደገማል?"

ወደ ምድጃው ዞረች። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ "ተው ልጄ፣ እናትህ ናት" አለች። እናቴ አይደለችም፣ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ሁለት ዝምታ ሆንን። ምግቤን ሸፍና ታስቀምጥልኛለች፣ እበላለሁ። እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ በባቡሩ ውስጥ ግን እኔ ሌላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቅዳሴያችን የኖርዌጂያኖቹን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነው፤ እነሱ ጨርሰው ሲወጡ እኛ ምንጣፋችንን ዘርግተን ጫማችንን እናወልቃለን። አባታችን ሆይ ሲደገም ስለ በደል የሚናገረው ቦታ ላይ አፌን እዘጋ ነበር። ውሸት ለእግዚአብሔር መናገር አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር በእሱም ተቆጥቼ ነበር። አክስቴ ታውቅ ነበር፣ ካህኑ ያውቁ ነበር፣ ግማሹ ምእመን ያውቅ ነበር። እግዚአብሔርም ያውቅ ነበር። እሱም እንደ እነሱ ዝም አለኝ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

አርባው በሐምሌ ዋለ። ከተማው ለዕረፍት ወጥቶ ባዶ ነው፤ እኛም ጥቂት ነበርን። ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ሊደረግ ካህኑ ጧፍ ሰጡኝና ዝቅ ብለው ጠየቁኝ።

"የወንድምህ የክርስትና ስም ማን ነበር?"

አላውቀውም። ያሳደገኝን ሰው፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበትን ስም አላውቀውም። እሱ ለእኔ "ጋሼ" ነበር። የክርስትና ስም ማን በየቀኑ ይጠራዋል? አክስቴ ከኋላዬ ቀስ ብላ ተናገረችው።

ስሙን ከዚህ በፊት ሰምቼው ነበር። ረጅም ነው፣ ብዙ ጊዜ የማይሰማ። በፈተናው መካከል በዋለው እሁድ፣ እዚሁ ቦታ ላይ፣ ዲያቆኑ ሲያነበው አፉ ላይ ተደናቅፎበት እንደገና ጀምሮት ነበር። እኔ ለአንድ የማላውቀው ሟች መስሎኝ፣ ሂሳቡን በልቤ እየሠራሁ፣ ከሰው ጋር "እግዚኦ" ስል ነበር። እሷ አጠገቤ ነበረች። ሌላው ስሙ ከተጠራ እንዳልነቃ ፈርታ፣ በክርስትና ስሙ ብቻ እንዲጸለይለት አገልጋዮቹን ለምናለች።

ጧፉን ለአንድ ሰው ሰጥቼ በካልሲዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የተሰረቅሁ ያህል ተሰማኝ። ለገዛ ወንድሜ ፍትሐት ሲደረግ ቆሜ፣ አሜን ብዬ፣ ሳላለቅስ ወደ ቤት ሄጄ ማካሮኒ በልቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርጉኝ ይችላሉ?

በዚያ ክረምት ቢየርቪካ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ውስጥ ቢሮ የማጽዳት ሥራ ይዤ ነበር። ማለዳ፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ። መስታወት እየጠረግሁ ከታች ሰዎች ባሕሩ ውስጥ ሲዋኙ አያለሁ። ንዴቴን እየደጋገምኩ ማሰብ ልማድ ሆኖብኝ ነበር፤ ያን እሁድ እንደ ቁስል እነካካዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ከየት እንደመጣ አልናገርም፣ አላውቅምና። እኔ ለማን እንደምጸልይ አላውቅም ነበር። ጸሎቴን የሚሰማው ግን ያውቅ ነበር። ስሙ ሲጠራ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተጠራውም፣ የተቀበለውም ይተዋወቃሉ። ሆስፒታል አልደረስኩም። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። እዚያ ግን ደርሻለሁ። ማንም ሰው እንድደርስ ሳይፈልግ፣ ሊያርቁኝ እየጣሩ፣ እሱ እጄን ይዞ የወንድሜ ስም ላይ አቁሞኝ ነበር።

መጥረጊያውን አስቀምጬ ባዶው ቢሮ ውስጥ የሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ደስታ አልነበረም። መራራነቱም አልሄደም። ግን እግዚአብሔር ደበቀኝ ማለት ከዚያ ቀን ወዲያ አልቻልኩም። ከደበቁኝ ሰዎች ወገን አውጥቼ ከእኔ ጋር አቆምኩት።

ቀረችኝ አክስቴ። እሷ ላይ ግን ልቤ አልላላም አለ። ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅ ይቀላል፤ እሱ ምግብ ሸፍኖ አያስቀምጥልህም፣ ኮሪደር ላይ አይተላለፍህም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገባች። እኔ ልወጣ ጫማዬን እያደረግሁ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና የመጦሪያ ቤቱን ዩኒፎርም እንደለበሰች ተንበረከከች። ጉልበቴን ያዘችኝ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ለታናሽ አይንበረከክም። ደነገጥኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ እንጂ! ሰው ያያል።"

"ማን ያያል? በሩ ተዘግቷል።"

"ጉልበቴን ያመኛል ስትይ አልነበር?"

"ያመኛል። ተወኝ ይመመኝ።" ወደ ላይ አላየችኝም። "ለፈተናው ብዬ ነው ስልህ ነበር። ለፈተናው ብቻ አይደለም። ስታለቅስ ማየት ፈርቼ ነው። እህቴ ስትሞት አንተን አቅፌ ነበር፣ ታውቃለህ? ደግሜ አልችልም ብዬ አንድ ቀን ልግዛ አልኩ። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን። ከዚያ ሞተ። ይቅር በለኝ።"

ልቤን ብፈልግ ይቅርታ የለበትም። አየሁት፣ ፈተሽኩት፣ የለም። ሰዎቻችን ሲታረቁ የሚሉትን ቃል ግን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ፊት ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቼ ባዶ ልማድ ይመስለኝ ነበር። የራሱ ያለቀበት ሰው የሚለው መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳት።

"ከልብህ ነው?"

"አይ። ከልቤ እንዲሆን ገና እሱ ይሠራዋል። አሁን ተነሺ።"

በብብቷ ይዤ ላነሳት ሞከርኩ። ከባድ ናት፣ ጉልበቷም እምቢ አለ፤ ሁለታችንም እዚያው ጫማዎቹ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አልን። ሳቅ ሊያመልጣት ፈልጎ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አልሳቅሁም።

"አሁን ንገሪኝ" አልኳት። "ሆስፒታል ከገባበት ቀን ጀምሮ። አንድም ሳትቀንሺ።"

"ትቀየመኛለህ።"

"ተቀይሜሻለሁ እኮ። ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። የትኛው ክፍል እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ ድምፁ ስልኩ ውስጥ እንዴት እየቀጠነ እንደሄደ። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ያለውን ሶኬት አይቶ "ይህን የዘረጋው ሰው ሌባ ነው" ብሎ ነርሶቹን እንዳሳቃቸው። ከዚያ የመጨረሻው የስልክ ጥሪ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልረዳኋትም። ጠበቅሁ።

"'ድምፁን ብቻ ልስማ' አለኝ" አለች። "ሌላው ክፍል ውስጥ እያጠናህ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ አይሃለሁ። 'ነገ' አልኩት።"

እጄ አሁንም ክንዷ ላይ ነበር። ላነሳው ፈለግሁ፣ በጣም ፈለግሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ያዘው አልኩ በልቤ። እጄ እዚያው ቆየ።