ሙሽራው በሎደር የመጣ ዕለት

ከአያት ሰፈር ወዲያ ባለ የድንጋይ ማውጫ ካባ ስሠራ፣ ሥራዬ አቧራ ማስተኛት ነበር። እሱም ሥራ ሆኖ ነው እንዳትሉኝ፤ ኑና ሞክሩት! ገልባጮቹ ድንጋይ ጭነው በጥርጊያው መንገድ ሲወርዱ ሰፈሩን ዱቄት በዱቄት ያደርጉታል። እኔ ከኋላቸው ውሃ የጫነ ቦቴ እልካለሁ። ቦቴው ሞልቶ እስኪመለስ ፀሐይዋ ያንን ሁሉ ጠጥታ ትጨርሰዋለች። ከፀሐይ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት ነበርኩ።

መንገዱ ዳር፣ ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው ሲያርሱ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። በጥር ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሌላ አልለምንሽም፤ ያቺ ልጅ ነጭ እንደለበሰች፣ ነጭ እንደሆነች ከቤቴ ትውጣልኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

«እማማ፣ አይስጉ፤ በእኔ ይጣሉት» አልኳቸው።

የቦቴውን ሹፌር እሑድ ማለዳ አንድ ዙር እንዲረጭ አዘዝኩት። ይህ ሰው ደግሞ ከእሺ ሌላ ቃል አልፈጠረበትም። ለካ እናትየውም ለብቻ ለምነውታል፤ ሚዜዎቹም ደውለውለታል። ለሁላችንም እሺ አለ፣ ለሁላችንም የየድርሻችንን አፈሰሰ። በመጨረሻ ለሙሽሮቹ ስጦታ ይሁን ብሎ የራሱን ጨመረበት። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠሩ ተበልቶ አልቋል፤ ከሥሩ ያለው ዋልካ ነው።

በአበባ ያጌጡት የሙሽራው መኪኖች እያንባረቁ መጡና ጭቃው ውስጥ እስከ ሆዳቸው ሰመጡ። ጉድ ፈላ! «ምነው፣ ሩዝ ልትዘራ ነው?» ብዬ ሹፌሩ ላይ ጮኽኩበት።

«ያንቺ አንዱ ዙር ብቻ ነው» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

እናትየው ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን ያፍተለትላሉ። «ሠርጉ ሊቀርብኝ ነው እንዴ?» ይላሉ። ምን ላድርግ? ሎደሩን አስነሳሁ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ድንጋይ በሚዝቅበት አካፋው ውስጥ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ኮት ጨብጦ፣ ደጃፉ ላይ ተራገፉ። የሙሽሪት ጓደኞች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው አናስገባም እያሉ መዝፈን ሲጀምሩ፣ እናትየው በመሃላቸው ገፍተው ወጡ። «አስገቡት እንጂ! ሐሳቡን ቢቀይርስ?» ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

እስኪበላና እስኪጠጣ መኪኖቹን ጎትተን፣ ጭቃውን ደረቅ ጠጠር አለበስነው። ሙሽሪት ነጭ እንደሆነች ወጣች። እናትየው መኪናዋ ከታጠፈች በኋላም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመልሱ ድግስ ነበር። አዲሱ ጠጠር ደርቆ ይቦንናል። ቦቴውን አስሞልቼ ስደርስ፣ እናትየው መንገዱ መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

«ዛሬ እንዳታረጥቢው» አሉኝ።

«እማማ፣ አቧራው እኮ ድንኳኑን...»

«ተዪው፣ ይነሳ! ልጄ እየመጣች ነው፤ በአቧራዋ ከሩቅ ልወቃት።»

ቦቴውን ዳር አስያዝኩት፤ ገልባጮቹንም አስቆምኩ። ከዚያ አጠገባቸው ሄጄ ቁልቁል መንገዱን ማየት ጀመርኩ።