የአረንጓዴው በር ሁለት ቁጥሮች

የተማሪዎች ሰርቪስ የምትነዳውን ሴትዮ ልጆቹ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። ድመት ካየች ትቆማለች፣ ኳስ ካየች ትቆማለች፣ ኳስ ያልያዘ ልጅ ካየችማ «ኳሱ ከኋላ እየመጣ ይሆናል» ብላ ትቆማለች። በዚህ አነዳዷ ስንቱ ሹፌር ጥሩምባ ነፍቶባታል፣ አንዳንዱም መስኮቱን አውርዶ ወደ ወጥ ቤቷ እንድትመለስ መክሯታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በያዘችው ፍጥነት ትቀጥላለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ልጅ ሳይጫርባት በየቤቱ አድርሳለች።

ሥራው መንዳት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዋናው ጣጣ ማስረከቡ ነው፤ ይህን ልጅ ለዚህ ሰው፣ ያንን ልጅ ለዚያ። ለዚህም የራሷ ዘዴ አላት። ለልጆቹ ሁሉ ቅጽል ስም ታወጣለች፣ የወላጁን ቁጥር በልጁ ቅጽል ስም ትመዘግባለች፣ ከዚያ የቤቱን በር ፎቶ አንስታ ከስሙ ጋር ታያይዛለች። «እንቅልፎ» ቤት ሲደወል ዝገት የበላው የብረት በር ስልኳ ላይ ብቅ ይላል፤ «ጥርሶ» ቤት ሲደወል አረንጓዴ በር። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አልበቅል ያሉት ጥርሶ ግን ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። አንዱ ቁጥር የእናቱ ነው። ሌላው የአባቱ ሲሆን፣ በእሱ ላይ የተለጠፈው በር ሳይሆን መንገድ ዳር የሚተከለው ቀይ የ«ቁም» ምልክት ነው።

ቁጥሩን የሰጠቻት እናትየዋ ራሷ ናት። ፍርድ ቤት ልጁን ለእሷ ከወሰነ በኋላ አባትየው «ኬክ ልጋብዘው» ብሎ ወስዶት፣ ልጁ የተገኘው ከሳምንታት ፍለጋ በኋላ በሌላ ከተማ ነበር። «እትዬ፣ ከዚህ ቁጥር ከተደወለልዎ እንዳያነሱት። ልጄን ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡብኝ» ብላ ሁለት እጇን ይዛ ለምናታለች። እትዬ ፍሬንም ምላላታለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልኳ በአዲስ ተተካ። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ፣ ቢሮ የምትሠራው ልጇ ድሮ እናቷ እየነገረቻት በየቅጽል ስሙ የጻፈችው የወላጆች ዝርዝር አለ። ሐሳቡ የኮምፒውተሩና የአሮጌው ስልክ ስሞች ክላውድ ላይ ተገናኝተው አዲሱ ስልክ ላይ እንዲወርዱ ነው።

«ክላውድ ደመና ማለት አይደል?» አለች እትዬ ፍሬን። «የሰው አደራ ደመና ላይ ይሰቀላል እንዴ?»

«ስልክሽ ላይ ብቻ ከሚቀመጥ ይሻላል፣ እማ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።»

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ጠንቃቃ ነበረች። ስልኮቹም ኮምፒውተሩም በአንድ አካውንት መግባታቸውን አረጋገጠች፣ «እስኪያልቅ ድረስ አንዱንም እንዳትነኪ» ብላ እናቷን አስቀመጠቻት። ስሞቹን የማገናኘቱ ሥራ፣ ሲንኩ፣ ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ ወላጅ ሁለት ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ የመጣ፣ አንዱ ከስልኩ። ጓደኞቿ ደጅ መኪና ውስጥ እየጠበቋት ነው። ኮምፒውተሩ «ተመሳሳይ ስሞች ይዋሃዱ?» ብሎ ጠየቀ። በጅምላ እሺ አለችው።

«ቁጥር አይጠፋም፣ አንድ ላይ ይሆናል እንጂ» ብላ ጫማዋን እያጠለቀች ወጣች።

እውነቷን ነው፣ አንድም ቁጥር አልጠፋም። እትዬ ፍሬን መነጽሯን አድርጋ በሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም አሉ። ደስ አላት። በር ስትቆጥር ቀዩ ምልክት ትዝ አላላትም።

በማግስቱ ከሰዓት ልጆቹን አድርሳ ጥርሶ ብቻ ሲቀር፣ አረንጓዴው በር ጋ ደረሰች። እናትየዋ ሁልጊዜ ደጁ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዛሬ የለችም። በሩ ላይ የቆመው ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነው።

«አባዬ!» ብሎ ጮኸ ጥርሶ፣ ቀበቶውን ለመፍታት እየታገለ።

እትዬ ፍሬን የመኪናውን በሮች ቆለፈችና መስኮቱን ጣት በሚያሳልፍ ልክ አወረደች።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለ ሰውየው። «እናቱ ስለምትዘገይ እኔ እንድቀበለው ነግራኝ ነው።»

«ከራሷ አፍ ልስማው።»

«ይደውሉላታ!»

አነጋገሩ ልበ ሙሉ ነው፤ ምናልባት ታርቀው ይሆን ብላ ለአፍታ ተጠራጠረች። ስልኳ ላይ «ጥርሶ»ን ከፈተች። አንድ አረንጓዴ በር፣ ከሥሩ ሁለት ቁጥር። ቀይ ምልክት የሚባል የለም። ቁጥር በቃል መያዝ ከቀረ ስንት ዘመኑ! የማንንም አታውቅም። ሰውየው መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። አንዱን ነካች።

የሰውየው ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

አውጥቶ አየው፣ ቀና ብሎ እሷን አየ፣ ፈገግታው ሰፋ። «ይኸው፣ ቁጥሬ እርስዎ ጋ አለ! እናቱ ካልሰጠችዎ ከየት አገኙት? በሉ ይክፈቱት።»

«እሷ ናት የሰጠችኝ» አለች እትዬ ፍሬን። «እንዳላነሳው ብላ ነው የሰጠችኝ።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። የመኪናውን በር እጀታ ጨብጦ ይነቀንቀው ጀመር። «ልጄ ነው! የወለድኩት ልጄ ነው!» ድምፁ ተሰበረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እትዬ ፍሬን ከልቧ አዘነችለት። እያዘነችለትም ማርሽ አስገብታ ነዳች።

ሰው የሚበዛበት ነዳጅ ማደያ ገብታ ቆመች። ጥርሶ ከኋላ ይንሰቀሰቃል። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ አረንጓዴ በር።

እናት ናት ወይስ አባት? ሁለቱም አሁን በአንድ በር ነው የሚመጡት። እሱ ቁጥሯን አግኝቷል። ብታነሳውና እሱ ቢሆን፣ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ያሉበትን ይነግረዋል። ባታነሳውና እናቱ ብትሆን፣ ባዶ ደጅ ላይ የቆመች እናት ነፍሷ ትወጣለች። ቅድም የነካችው የላይኛውን ቁጥር ይሁን የታችኛውን፣ በድንጋጤ ጠፍቶባታል። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጀመረ። ሲበቃው ልጇ ጋ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርገሽ ጉድ ሠራሽኝ!»

ልጅቷ ነገሩን እንደሰማች ኮምፒውተሯን ከፈተች። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ… ቆይ፣ ከቢሮ ሆኜ አካውንቱን እከፍተዋለሁ። ኢንተርኔትሽን እንዳታጠፊው።» የኪቦርድ ድምፅ ተንኳኳ። «ክላውዱ ላይ ከመዋሃዳቸው በፊት ወደነበሩበት መልሻቸዋለሁ። አሁን እዪው።»

እትዬ ፍሬን ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ዝርዝሩ ብልጭ ድርግም አለና ከአረንጓዴው በር ሥር ቀዩ ምልክት ብቅ አለ። ያልተነሱት ጥሪዎችም ተለያዩ፤ የመጀመሪያው የእሱ ነበር፣ ሌሎቹ ሁሉ የእናትየዋ። በሩን ነካችው።

«ሰጡት?» አለች እናትየዋ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «እትዬ፣ ሰጡት?»

«አልሰጠሁትም። ከእኔ ጋር ነው።»

ለትንሽ ጊዜ ለቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው። የተሳፈረችበት ታክሲ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት ዘግይታ ስትደርስ፣ የልጁ አባት መጥቶ እንደነበር ጎረቤት ነግሯታል። እትዬ ፍሬን ማደያው የት እንዳለ እንኳ ነግራ እስክትጨርስላት አልጠበቀችም፤ ስልኩን ሳትዘጋ ስትሮጥ ትንፋሿ ጥቂት ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ጥርሶ ማልቀሱን አቁሟል።

«እትዬ ፍሬን፣ አባዬ ጋ የደወልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ደውለሽለት ለምን ጥለሽው ሄድሽ?»

ክላውዱን፣ ሲንኩን፣ ፍርድ ቤቱን ከየት ጀምራ ታስረዳው? «ተሳስቼ ነው» አለችው። «ለእናትህ ልደውል ብዬ ተሳስቼ ነው።»

ልጁ ይህንን ትንሽ አሰበበት። ቀበቶውን ፈትቶ መጣ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል አንገቱን አስገባ፣ ጭኗ ላይ የነበረውን ስልክ አንስቶ እጇ ውስጥ አስቀመጠላት።

«እሺ፣ እማዬ ሳትመጣ አንዴ ደግሞ ተሳሳቺ።»

እትዬ ፍሬን ስልኩን ጨብጣ ቀረች። እናትየዋ መንገዱን በሩጫ ስታቋርጥ በመስታወቱ ትታያት ነበር።