የ«ሟቹ» ሚስትና ሦስተኛው ፊልም

ባሏን ከተማው ሁሉ «ሟቹ» ብሎ ይጠራው የነበረው በቁሙ ነው፤ እሱም እየሳቀ «አቤት» ይል ነበር። ስሙን ያተረፈው ከፊልም ነው። እሷ ልብስ ሰፊ፣ እሱ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። አንድ ዓመት የፊልም ሰዎች መጡና ከከተማው ዳር ያለውን የተዘጋ የክር ፋብሪካ ተከራዩ። የሚሠሩት የዞምቢ ፊልም ነበር፤ የሞቱ ሰዎች ተነሥተው በሕይወት ያሉትን የሚያሳድዱበት። እሷን ኮትና ሱሪ ስፊልን አሏት። ሰፍታ ስትጨርስ ደግሞ «በይ አሁን ቅደጂው» አሏት።

«የሰፋሁትን?»

«አዎ፣ ከመቃብር የወጣ ይምሰል።»

ጉድ ነው እያለች ጉልበቱን በሞረድ ፈገፈገችው፣ ክርኑን በድንጋይ አሸችው፣ ኮሌታውን ሻይ ውስጥ ነክራ አደረቀችው። በመቀስ የነካችው አንድም አልነበረም። ጨርቅ በዕድሜ ሲያልቅ በቀጥታ መስመር አይቀደድም፤ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ ይፈታል።

ልብሱን ተሸክሞ ያደረሰላት ባሏ ነበር። ከዓመታት በፊት ጋራዥ ውስጥ ብረት ወድቆበት ግራ እግሩን ይጎትታል። ዳይሬክተሩ ከሩቅ ሲመጣ ሲያየው የያዘውን ወረቀት ትቶ «እኚያን ሰውዬ ጥሩልኝ» አለ። እንዲህ ሆኖ መካኒኩ የሙታን መሪ ሆኖ አረፈው።

በመጀመሪያው ፊልም ሙታኑ አይሮጡም፣ አይጮኹም። እየተጎተቱ ይመጣሉ። ሰው በቀላሉ ያመልጣቸዋል፣ ግን አምልጦ የት ይደርሳል? የሚያስፈራው ይኸው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ባሏ ወደ አንድ ቤት መስኮት ይጠጋና መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ወደ ውስጥ ይመለከታል። ዳይሬክተሩ «አይቆጡ፣ ጥርስዎንም አያሳዩ። የሆነ ነገር ጠፍቶበት ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ሆነው ይዩ» ብሎት ነበር። ፊልሙ የታየ ቀን፣ እስከዚያ ድረስ ሲያፏጭና ሲሳሳቅ የነበረው አዳራሽ እዚያች ቦታ ላይ እንደ ውኃ ረጋ። እሷም ከጎኗ ተቀምጦ ፈንዲሻ የሚቆረጥመውን ባሏን እጁን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ሟቹ ሆነ። ሹፌሩ «ሟቹ፣ ፍሬኔን እይልኝ» ይላል። የጋራዡ አለቃ «ሟቹ ሳይመጣ ሞተሩን እንዳትነኩት» ይላል። ሰውዬው በስሙ አይከፋም። ሞት አይቀርም ስም አይቀበርም ይባል የለ? «እኔ እንደሆንኩ አስቀድሜ ሞቻለሁ፣ ከእንግዲህ ማን ይነካኛል» ይል ነበር። የከፋት ልጃቸው ናት። ያለችን እሷ ብቻ ናት ብለው ያሳደጓት ልጅ፣ ትምህርት ቤት «የዞምቢ ልጅ» እየተባለች አለቀሰች። ፊልሙንም አላየሁም፣ አላይምም አለች።

ሁለተኛው ፊልም የተሠራው ልጅቱ ካደገች በኋላ ነው። ገንዘቡ በዝቶ ነበር፤ ደሙ ደግሞ ከገንዘቡ በለጠ። ሙታኑ ቀልድ ቢጤ ሆኑ፤ ሰው ሲፈነዱ እያየ ይስቃል። ባሏን ጠርተውት ሄደ። ገና ፊልሙ ሲጀምር በጥይት ግንባሩን አሉትና ተመለሰ። ማታ ጆሮው ውስጥ የገባውን ቀይ ቀለም በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገችለት «ዘንድሮስ ቶሎ ሞትኩ» አላት። አብረው ሳቁ።

ብዙ አልቆየም፣ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጠፋበት የመፍቻው ስም ነበር። ከዚያ የቤቱ መንገድ ጠፋበት፤ ሹፌሮቹ ከየፌርማታው እያነሡ ያመጡላታል። በመጨረሻ እሷ ጠፋችበት። የሸሚዙ ትንንሽ ቁልፎች እንቢ ሲሉት በትልልቅ ቀየረችለት፤ እነሱም እንቢ ሲሉት ቁልፉን አንሥታ ላስቲክ አስገባችለት። ስታለብሰው በትሕትና አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ አስቸገርኩዎት። ባለቤትዎ አይቆጡም?» ይላታል።

«አይቆጣም። ደግ ሰው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።»

ልጅቱ ያን ጊዜ በሌላ ከተማ ሒሳብ ታስተምር ነበር። አንድ ክረምት መጣች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አያትና «ማን ልበል?» አላት። በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሻንጣዋን እንኳን መሬት አላስነካችም። የትምህርት ቤት ጉዳይ አለብኝ ብላ በዚያው ዕለት ተመለሰች፤ ዳግመኛ የመጣችው ለቀብሩ ነው። በቀብሩ ላይ የጋራዡ አለቃ የሕይወት ታሪኩን ሊያነብ ተነሥቶ «ሟቹ…» ብሎ ሲጀምር፣ ከመካኒኮቹ መሀል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ያ ሰው አፉን በእጁ እንደያዘ ተንሰቀሰቀ፣ ሁሉም ተከተለው። እናትና ልጅ ግን ስለዚያች ክረምት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዓመታት አለፉ። ልጅቱ ኋላ ወደ እናቷ ከተማ ተዛውራ ብትመጣም፣ ወሬያቸው ስለ ገበያና ስለ ጉንፋን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ፊልም የወጣ ሰሞን ታዲያ፣ ያቺው ልጅ ስፌት ቤቱ መጣችና «እማዬ፣ እሑድ ከሰዓት ፊልም ልውሰድሽ» አለቻት።

«የትኛውን?»

«የአባዬን… ሦስተኛውን።»

እናት እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሣች። «ማስታወቂያውን አየሁት እኮ። ሙታኑ ይሮጣሉ። ሰው በሕይወት ሳለ ያልሮጠውን ሞቶ ይሮጣል?»

«እንየውና እንሳቅበት።»

ሄዱ። አዳራሹ አዲስ ነው፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ ድምፁ ደረት የሚደልቅ። ሙታኑ እንደ ጎርፍ መጡ። ግድግዳ ይወጣሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል፣ ሺህ ናቸው፤ ከሺሁ ግን የአንዱም ፊት አይታይም። እሷ የምታየው ልብሳቸውን ነው። ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ «በመቀስ ነው የቀደዱት፤ ጉልበቱ እኮ ደህና ነው» አለቻት። ልጅቱ ፈገግ አለች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ለሳቅ የተመቸ ነበር።

ከዚያ ግርግሩ በረድ አለና አንድ ሽማግሌ ታየ። ሚስቱ ከሙታኑ ወገን ሆናለች። እንደ ሌላው አልገደላትም፤ ጓዳ ዘግቶባታል። በየጠዋቱ በበሩ መስኮት እጁን ያስገባና፣ ሌሊት ስትቦጫጭቀው ያደረችውን ሹራብ ቁልፍ አንድ በአንድ ይቆልፍላታል። እሷ ታጉረመርማለች፣ እሱ ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራላታል። ኋላ ላይ ወንድ ልጃቸው ከሩቅ ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ ይቆማል። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። አባትየው «ግባ፣ ለምዳሃለች፣ ምንም አትልም» ይለዋል። ልጁ አይገባም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጎኗ ስትዞር ወንበሩ ባዶ ነው።

ልጇን ያገኘቻት ከአዳራሹ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው። ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። እናት ጉልበቷን ደግፋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እኔም አልገባሁም» አለች ልጅቱ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም? አንድ ቀን እንኳን!»

«ፊትሽን አይቼው ነበራ። ምኑን እቆጣዋለሁ። አንቺ ስትሄጂ አባትሽ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለ?»

«‹ያቺ በር ላይ የነበረችው ልጅ የማን ናት? ብርድ መታት እኮ፣ ግቢ በያት እንጂ› አለኝ። ሄዳለች ብለው አላመነኝም። በሩን ገርበብ አድርጊላት፣ ስትመጣ እንዳይቸግራት እያለ አመሸ።»

ልጅቱ ሻርፑን ከፊቷ አወረደች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ከወንበርሽ ትነሻለሽ። በምን ልንገርሽ?»

ከውስጥ ጥይትና ጩኸት ይሰማል። ልጅቱ አፍንጫዋን ጠርጋ «መጨረሻውን ሳታዪ ቀረሽ፤ እንግባ?» አለች።

«ተይው። ካልሽስ የአባትሽን መጨረሻ ልንገርሽ።»

ነገረቻት። የሞተ ዕለት ጠዋት ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ተነሣ። ጫማውን አምጡልኝ አለ፤ አመጣችለት። ግራና ቀኙን አቀያይሮ ቢያደርገውም አላረመችውም። አልጋው ላይ እንደተቀመጠ በመንገዱ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ጆሮውን ቀና አደረገና «ይሄ መኪና ዘይት የለውም፤ ሹፌሩን አስቁሙት፣ ያቃጥለዋል» አለ። በመስኮት ብቅ ብላ «እሺ፣ አስቆምኩት» አለችው። «ተመስገን» ብሎ ከነጫማው ጋደም አለ።

ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች። «ዘይት የለውም አለ?»

«ዘይት የለውም አለ።»

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ ከጫማው ጀምረሽ።»

እናት እንደገና ጀመረች። መሀል ላይ ፊልሙ አልቆ ተመልካቹ እየተንጋጋ በሁለቱ ግራና ቀኝ ደረጃውን ወረደ። አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው የድሮዎቹ አሰልቺ ናቸው፣ እንቅልፍ ነው የሚያመጡት ይለዋል። ልጅቱ ሰምታ እናቷን አየቻት። «አንቺስ? ከድሮው ጋር ሲተያይ እንዴት አገኘሽው?»

ልብስ ሰፊዋ አሰበችበት። «በድሮው ሙታኑ ሰው ነበሩ» አለች። «በሁለተኛው መሳቂያ አደረጓቸው። በዚህኛው ሙታኑ ፊት የሌላቸው ዱቄት ሆነው ቀርተዋል፤ ያ ሽማግሌ ግን እውነት ነው። እሱን የጻፈው ሰው አስታሞ ያውቃል።» ከዚያ ልጇን ክንዷን ይዛ ተነሣች። «ልብሱን ግን አልምራቸውም።»

ዝናብ ሊጥል ስለነበር ፈጠን ብለው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።